ነጭ ልብስ በነጭ በረዶ ላይ፦ የበረዶ ወቅት ወታደሮችን ስለ መቀባት የተካሄደ ውይይት

ትናንሽ የጦርነት ጨዋታ ምስሎችን የሚቀቡ ሰዎች በሚወያዩበት የበይነመረብ መድረክ ላይ ጠያቂው ጉዳዩን ያቀረበው በአጭሩ ነው። በ28 ሚሊሜትር መጠን የተሠሩ 30 የጀርመንና 30 የሶቪየት እግረኛ ምስሎች አሉት። ጨዋታው የሚሸፍነው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1942 እስከ ማርች 1943 ያለውን የምሥራቅ ግንባር ነው። ምስሎቹን ነጭ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የሚነፋ ሽፋን) ነፋባቸው፣ በጥቁር ዋሽ (እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጥላ በሚሠራ ቀጭን ቀለም) አጠባቸው፣ ከዚያ ጎላ ጎላ ያለውን በንጹህ ነጭ አደመቀው። ልብሱ ኖራ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ፤ እጥፋቱ ውስጥ የገባው ደግሞ ጥላ ሳይሆን ጥቀርሻ ሆነ። በረዷማ መቆሚያ ላይ ሲቆሙ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚለየው ፊትና ጠመንጃ ብቻ ነው። ጥያቄው፦ ነጩ በምን ይጀመር? ምስሉ ከበረዶው እንዴት ይለይ? ዋሹስ በምን ይተካ? መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ በዚያ ወቅት ጀርመኖቹ ሁሉም ነጭ ስለለበሱ ሌላ ቀለም እንደማያስፈልገው ጨመረ። ክሩን (የምላሾቹን ሰንሰለት) ያረዘመው ከጥያቄዎቹ ይልቅ ይህ ጭማሪ ነው።

ምላሽ 1 ትሁት ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ስለ መብራቱ ጠየቀ፤ ቢጫ አምፖል ሥር ነጭና የዝሆን ጥርስ ቀለም ስለማይለያዩ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን ያለው መብራት ያስፈልጋል ባይ ነው። ከዚያ የችግሩን ሥር ነገረው፦ ከነጭ በላይ ሌላ ቀለም የለም። ከንጹህ ነጭ የጀመረ ሰው ማድመቂያ ስለሌለው የቀረው ሥራ ሁሉ ማጨለም ይሆናል፤ ጥቁር ዋሽ ደግሞ እጥፋት ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ ጠፍጣፋው ላይም ቀለበት እየሠራ ይደርቃል። ስለዚህ መነሻው ፈዛዛ ግራጫ መሆን አለበት፤ ነጭ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ምላሽ 2 ይህንኑ ወደ ቀመር ለወጠው፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሌሎች ሲመለሱበት የታየውም እሱ ነው። ፕራይመሩ ግራጫ ይሁን፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቆ በአጫጭር ምት ይነፋ። ነጭ ፕራይመር ከሩቅ ወይም በማይመች አየር ሲነፋ ምስሉ ላይ ሳይደርስ መድረቅ ይጀምርና አሸዋማ ሆኖ ያርፋል፤ ያን ሸካራነት ከላይ የሚመጣ ቀለም አይደብቀውም። መነሻው ከቫሌሆ ሞዴል ከለር (የቀለም ምርት ነው፤ በ70 የሚጀምሩት ቁጥሮች የቀለሞቹ መለያ ናቸው) ዴክ ታን 70.986 እና ሲልቨር ግሬይ 70.883 እኩል በእኩል ተቀላቅለው፣ አንድ እጅ ቀለም በአንድ እጅ ውሃ ቀጥነው፣ ሁለት ዙር። ለእጥፋቱ ከዚያው ድብልቅ ላይ ጥቂት ጀርመን ካሞ ብላክ ብራውን 70.822 ተጨምሮ፣ በደንብ ቀጥኖ፣ ስፌትና ቀበቶ ሥር ብቻ በቀጭን ብሩሽ ይሰመር። ማድመቂያው መጀመሪያ መነሻው ከአይቮሪ 70.918 ጋር እኩል ተቀላቅሎ፣ ቀጥሎ አይቮሪ ብቻውን። ንጹህ ነጭ 70.951 የሚነካው የኮፍያውን ጠርዝ፣ የትከሻውን አናትና የታጠፈ ጉልበትን ነው፤ ከልብሱ ስፋት ከሃያ አንድ እጅ ከበለጠ በዝቷል።

ነጭ ቀለም ኖራ የሚመስልበትን ምክንያትም ጨመረ። ቀለሙ ነጭነቱን የሚያገኘው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ዱቄት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ወፍራም ሆኖ ሲቀባ የብሩሹን ፈለግ እንደያዘ ይደርቃል። ግማሽ የደረቀ ነጭ ላይ በብሩሽ መመለስ ደግሞ ቀለሙን ይልጠዋል። በየዙሩ መካከል 15 ደቂቃ መታገስ፣ እርጥብ ፓሌት (ቀለሙ እንዳይደርቅ እርጥበት የሚይዝ መደባለቂያ) መጠቀም፣ ብሩሹን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም ይላል።

ምላሽ 3 የጻፈችው ሴት ቀመሩን ሳትነቅፍ አንድ ጥያቄ አነሳች፦ 60ዎቹም በአንድ ቀመር ከተቀቡ ሁለቱ ወገኖች ጠረጴዛው ላይ እንዴት ይለያሉ? መፍትሔዋ በሙቀት መለየት ነው። ጀርመኖቹ በሞቃት ነጭ፣ ማለትም በምላሽ 2 ቀመር፤ ሶቪየቶቹ በቀዝቃዛ ነጭ፣ መነሻው ፔል ግሬይ ብሉ 70.907 ከሲልቨር ግሬይ ጋር አንድ ለሁለት፣ ጥላው ሰማያዊ ግራጫ። ልዩነቱ አንድ ምስል ብቻውን ሲታይ አይታወቅም፤ አሥር ከአሥር ጋር ፊት ለፊት ሲቆም ግን ያለ ምልክት ይለያል። በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ የበሰለው ይህ ነው፤ ቀዳዳ ግን አለው።

ቀዳዳውን ያገኘው ምላሽ 5 ነው። በመካከል ምላሽ 4 ባለ ሁለት መስመር ነበር፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ በፈዛዛ ግራጫ ፕራይመር ላይ የሲታዴልን አፖቴከሪ ዋይት (ራሱ ጥላ የሚሠራ ቀጭን ቀለም) አንድ ዙር መቀባት ይበቃል የሚል። ምላሽ 5 ለእሱ ግማሽ መብቱን ሰጠው። ለ15 ሚሊሜትር ምስል ይበቃል፤ በ28 ሚሊሜትር ግን የበረዶ ልብሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ ቀለሙ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ሳይደርቅ፣ በደቂቃ ውስጥ፣ በንጹህ እርጥብ ብሩሽ ጫፍ ካልተመጠጠ ግራጫ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወደ ምላሽ 3 ዞረ፦ ሶቪየቶቹ ቀዝቃዛ፣ በረዶውም ቀዝቃዛ ከሆነ ጠያቂው ወደ ጀመረበት ችግር ተመልሶ ይገባል። ሴትዮዋ በምላሽ 6 አልሸሸችም። በረዶው ራሱ ሰማያዊ መሆን የለበትም፤ ንጹህ ነጭ ሆኖ ሰማያዊው የእግር ዱካና ጉድጓድ ውስጥ ብቻ፣ ያውም በጣም ቀጥኖ ይግባ። ምስሉ የትኛውም ወገን ቢሆን ከበረዶው አንድ ደረጃ የጠቆረ ይሁን። ሳምንታት በጉድጓድ ውስጥ የተለበሰ ጥጥ ከወደቀ በረዶ ጋር እኩል ሊነጣ አይችልም። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ከዚያ ምላሽ 7 መጣ፣ ክሩም ድምፁን ቀየረ። ጸሐፊው ስለ ቀለም ምንም አልተናገረም፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ መጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይዞ ቀጠቀጠው። ነጩና ውስጡ ሙሊት ያለው፣ ገልበጥ ተደርጎ የሚለበሰው ባለ ኮፍያ ልብስ ለጀርመን ሠራዊት የመጣው በ1942–43 የበረዶ ወቅት ነው። በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው አይጥማ ግራጫ ነበር፤ በኋላ የመጡት ግራጫውን በስፕሊንተርና በረግረግ ካሞፍላዥ (ዝንጉርጉር የመደበቂያ ንድፎች) ተክተውታል። ግን መጣ ማለት ለሁሉም ደረሰ ማለት አይደለም። ከኖቬምበር 23 ቀን 1942 ጀምሮ ስታሊንግራድ ውስጥ የተከበበው 6ኛው ጦር እስከ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ሲቆይ አብዛኛው ወታደር ይህን ልብስ አላገኘም። የዚያ ወታደር ምስል ካፖርት ለብሷል፤ ብርድ ልብስ ደርቧል፣ አንገቱንና ጆሮውን በግራጫ የሹራብ ጥምጥም ሸፍኗል፣ የብረት ቆቡ ኖራ ወይም ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ነጭ የሆነ ልብስ ካለውም የተቀደደ አንሶላ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ነጭ ሳይሆን ፊልድ ግሬይ 70.830 ነው። የሶቪየቱንም አልማረውም፦ የትከሻ ማዕረግ የተመለሰው በጃንዋሪ 1943 ስለሆነ ኖቬምበር 1942 ላይ የቆመ ወታደር ትከሻው ባዶ መሆን አለበት፤ ማዕረጉ ያለው ኮሌታው ላይ ነው፣ ቴሎግሬይካ (ሙሊት ያለው ጃኬት) ከለበሰ ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል። ያለውን ሁሉ የተናገረው ጠያቂው አንድም ነገር ሳያነብ እንደጀመረ አድርጎ ነው።

ጠያቂው በምላሽ 8 ተመለሰ፣ አልተቆጣም። የገዛቸው ጀርመኖች ግን ሙሊት ያለውን ልብስ ለብሰው የተቀረጹ ናቸው፤ ይጣሉ ወይ? ምላሽ 9 ቀላል መውጫ አሳየው። ምስሎቹን ሳይሆን ቦታውን ቀይር፤ ወደ ዩክሬኗ ከተማ ካርኮቭ፣ ወደ ፌብሩዋሪና ማርች 1943 ውሰዳቸው። በዚያ ዘመቻ ነጩ ልብስ በሰፊው ይታያል፤ የኤስኤስ ክፍሎች ውስጡ ፀጉራም የሆነውን፣ በራስ የሚጠለቀውን አኖራክ (ባለ ኮፍያ ጃኬት)ም ለብሰዋል። ዋጋው ግን ጭቃ ነው። በማርች በረዶው መሟሟት ስለሚጀምር ነጩ ልብስ ነጭ አይሆንም፦ ከጉልበት በታች ቡናማ፣ ክርንና መቀመጫ ላይ ግራጫ፣ ሆዱ ላይ በደረት ከመሳብ የመጣ እድፍ። አሠራሩ በተቀደደ ስፖንጅ ነው፦ ስፖንጁ ቡናማ ቀለም ይነካል፣ ወረቀት ላይ እስኪደርቅ ይጫናል፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ጠርዙ ከጠነከረ በቀጭን መነሻ ቀለም ይለሳለሳል።

ምላሽ 10 ፌዝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ የሚቆጥር ሰው ስለሌለ ታሪክ ተንታኞች ሙዚየም ሄደው ይከራከሩ የሚል። ምላሽ 7ን የጻፈው ሰው በምላሽ 11 መለሰ፤ ቃሉ ቢሾልም ነጥቡ ትክክል ነው። ስለ ቁልፍ ያወራ የለም። ሠላሳ ሰው ካፖርት ለብሶ ሲቆም ጠረጴዛው አረንጓዴ ግራጫ ይሆናል፤ ያው ሠላሳ ሰው በበረዶ ልብስ ሲቆም ነጭ ይሆናል። ይህ ከሁለት ሜትርም የሚታይ ልዩነት ነው፤ ቁልፍ አይደለም። ምላሽ 12 በአንድ ቃል ስድብ ነበረበት፤ አወያዩ አጥፍተውት በቦታው ወደ ብሩሽ እንመለስ የሚል ማሳሰቢያ አስቀመጡ።

ብሩሹን የመለሰው ምላሽ 13 ነው፤ ስለ ሶቪየቶቹ ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ። ጸሐፊዋ የጀመረችው 30ውንም ነጭ ማልበስን በመቃወም ነው። ማስክሃላት የተባለው ነጭ መደረቢያ ሥስ ጥጥ ነው፤ ከሥሩ ካፖርት ወይም ቴሎግሬይካ አለ። ስለዚህ እጥፋቱ ብዙና ስለታም ነው፤ የጀርመኑ ሙሊት ያለው ልብስ ግን ጥቂት፣ ወፍራምና ክብ እጥፋት ይሠራል። ይህ የብሩሹን ሥራ ይለውጣል፦ ለመጀመሪያው ቀጫጭን የማድመቂያ መስመር፣ ለሁለተኛው ሰፋ ብሎ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ማድመቂያ። ሁለቱን በአንድ ስልት የቀባ ሰው ቀለሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ጨርቁን ያሳስተዋል።

የእሷ ድልድል ከ30ው 10 በነጭ ማስክሃላት፣ 12 በቴሎግሬይካ፣ 6 በካፖርት፣ ለአዛዦች ሁለት የበግ ለምድ ነው። ቴሎግሬይካ ቁመቱን በተከተለ ስፌት የተከፋፈለ ነው። መነሻ ካኪ 70.988፣ ቡናማ ዋሽ፣ ዋሹ ስፌቱ ውስጥ ሲደርቅ እያንዳንዱ ጉብታ በካኪና በአይቮሪ ድብልቅ አንድ ቀጭን መስመር። ደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ጉብታውን ብቻ መጥረግ) እዚህ ፈጣን ይመስላል፤ ግን ኪሱንም ቀበቶውንም ዝናሩንም አብሮ ያነጣል፣ ስለዚህ የሚሠራው እነዚህ ከመቀባታቸው በፊት ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ካኪ እንዳይሆኑ ሦስት አራቱን በኢንግሊሽ ዩኒፎርም 70.921፣ ሌሎቹን በአሜሪካ ፊልድ ድራብ 70.873 መጀመር። ጆሮ የሚሸፍነው የፀጉር ቆብ፣ ኡሻንካው፣ በ1940 ሹል ጫፍ ያለውን የጨርቅ ቆብ ቡዲዮኖቭካን ተክቷል፤ የተራ ወታደሩ ኡሻንካ ፀጉር ግራጫ ወይም ቡናማ፣ መነሻው ጥቁር ቡናማ ሆኖ በስቶን ግሬይ 70.884 ደረቅ ብሩሽ ይቦረሻል። ቫሌንኪ የተባለው የበረዶ ጫማ የታሸ ሱፍ ነው፤ እንደ ቆዳ ቦት ጫማ መብረቅ የለበትም። ግራጫ፣ ቡናማና ጥቁር ይደባለቅ፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ አይንካው። ምላሽ 14 ከነጭ ልብስ የሚወጣ የጠመንጃ ሰደፍ ከሌላው ጠቆር ብሎ መቀባት እንዳለበት ጨመረ፤ ነጭ ጎን ላይ መካከለኛ ቡናማ ብርቱካናማ መስሎ ይታያል። አልሞ ተኳሽ ካለ ደግሞ ጠመንጃውን በነጭ ጨርቅ ቅዳጅ መጠቅለል ይቻላል፤ ጨርቁ በቀጭን የሲጋራ ወረቀትና በውሃ በቀጠነ ሙጫ ይሠራል።

የዋሹ ጥያቄ እስከ ምላሽ 15 ድረስ መልስ አላገኘም ነበር። መልሱ የዘይት ቀለም ነው። ምስሉ በአንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ ይሸፈን፣ 24 ሰዓት ይደር። በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) የዘይት ቀለም ከጥቂት ግራጫ ጋር በዋይት ስፒሪት (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይቅጠን፤ ብሩሹ ስፌቱን በአንድ ጫፍ ሲነካው ፈሳሹ ራሱ መስመሩን ይዞ ይሮጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠፍጣፋው ላይ የፈሰሰው ዋይት ስፒሪት በትንሹ በነካ የጥጥ ጫፍ ይጠረጋል። ከአክሪሊክ ዋሽ የሚበልጠው በዚህ ነው፦ አክሪሊክ ደርቆ ካስቸገረ መመለሻ የለውም፣ ዘይት ግን በማግስቱም ይነሳል። ምላሽ 16 አንድ ነገር አረመ። ከቱቦ በቀጥታ የወጣ የዘይት ቀለም የተልባ ዘይቱ ብዙ ስለሆነ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ቀለበት ይተዋል። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ተጨምቆ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጥጣል፣ የቀረው ጭቃ የመሰለ ቀለም ደብዝዞ ይደርቃል። ሥራው ሲያልቅም የሚከተለው ደብዛዛ ቫርኒሽ ዘይቱ በደንብ ሳይደርቅ መምጣት የለበትም፤ ለጥንቃቄ ሁለት ቀን። ምላሽ 17 የሚጠይቀው ለ60 ምስል ይህ ሁሉ ይቻላል ወይ ብሎ ነው። የምላሽ 15 ጸሐፊ መልስ ሰጠ፦ ስፌትና ቀበቶ ሥር ብቻ ከሆነ አንድ ምስል ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሁሉንም አካል ማጠብ ነው ሥራውን የሚያበዛው። ይህ በቁጥር ምላሽ 18 ነው።

ከ19 እስከ 23 ያሉት ስለ በረዶው ናቸው፤ ጠብ የቀረ ሲመስል እዚህ ተመለሰ። ምላሽ 19 ቤኪንግ ሶዳ በነጭ ሙጫ ላይ መነስነስን መከረ፤ ርካሽና ደቃቅ ነው። ምላሽ 20 በቁጣ ተነሳበት፦ ሶዳው ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ እርጥበት ካገኘ ይጓጉላል፣ ከመቆሚያው ጠርዝ ይረግፋል። ምላሽ 21 ብዙ ነጭ ቀለም ከገባበት አይቢጭም ብሎ ተከራከረ። የእኔ ፍርድ ከምላሽ 20 ጋር ነው። ቀለሙ መቢጨቱን ቢያዘገየው እንኳ ለ60 ምስል የደከመ ሰው በጥቂት ሳንቲም ልዩነት ሥራውን አደጋ ላይ የሚጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ምላሽ 22 አማራጩን በልኩ ሰጠ። ሁለት እጅ ለሞዴል የተሠራ የበረዶ ዱቄት ወይም የመስታወት ማይክሮባሉን፣ አንድ እጅ ነጭ ሙጫ፣ ጥቂት ጠብታ ነጭ አክሪሊክ፣ አስፈላጊ ከሆነ ጥቂት ውሃ። ድብልቁ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ እንጂ የሚፈስ መሆን የለበትም፤ ከቀጠነ ሲደርቅ ይሰምጥና የመቆሚያው ቡናማ በሥሩ ይታያል። ቀለሙ ያልገባበት ሙጫ ሲደርቅ ግልጽ ስለሚሆን በረዶው እርጥብ ብርጭቆ ይመስላል። ድብልቁ ሳይደርቅ ከላይ ደረቅ ዱቄት ሲነሰነስ የሙጫው አንጸባራቂነት ይጠፋል። መቆሚያው ሙሉ በሙሉ አይሸፈን፤ አንድ ሦስተኛው ጥቁር አፈርና የደረቀ ሣር ሆኖ ይቅር። ይህ ለጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ እውነተኛው መልስ ነው፦ ነጩን ልብስ ከነጩ በረዶ የሚለየው ከእግሩ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ነው። በረዶው በድንጋይና በግንድ አንድ ጎን፣ በሁሉም መቆሚያ ላይ በተመሳሳይ አቅጣጫ ይቆለል፤ ነፋስ ምስል እየመረጠ አይነፍስም። የእግር ዱካ ድብልቁ ቆዳ ከመያዙ በፊት በጥርስ መፋቂያ ይጫናል። ምላሽ 23 አጭርና አስፈላጊ ነበር፦ ማይክሮባሉን እጅግ ደቃቅ የመስታወት ዱቄት ስለሆነ ያለ ጭንብል አይነካ፣ ማራገቢያም ይጥፋ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተንሸራተተ። ምላሽ 24 ታንኮቹን በነጭ ለመሸፈን የሄርስፕሬይ (የፀጉር ማጠንከሪያ ርጭት) ስልትን ጻፈ። መነሻው ቀለም ደርቆ በቫርኒሽ ከታሸገ በኋላ ሁለት ቀጭን ዙር ሄርስፕሬይ፤ ሲደርቅ ታሚያ ኤክስኤፍ-2 ነጭ ቀለም በውሃ ቀጥኖ በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር በሚነፋ መሣሪያ) ይነፋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃ የነካ ጠንካራ ብሩሽ ሲፈተግበት ነጩ ይላጣል፤ በተለይ የበር ጠርዝ፣ ሠራተኞቹ የሚረግጡበትና ሰንሰለቱ የሚነካው። የላስቲክ ጠባይ ያላቸው አክሪሊኮች እንደ ቆዳ በአንድ ላይ ስለሚገፈፉ ለዚህ አይመቹም። ችግሩ ከነጩ ሥር ጥቁር ቢጫ ማስቀመጡ ነው። የምላሽ 7 ጸሐፊ በምላሽ 25 ወዲያው ደረሰበት፤ ጥቁር ቢጫ መነሻ ቀለም እንዲሆን የታዘዘው በፌብሩዋሪ 1943 ስለሆነ የስታሊንግራድ ታንክ ከኖራው ሥር ጥቁር ግራጫ ነው፣ የካርኮቭም አብዛኛው እንደዚያው። በዚህኛው ግን ለዛ ነበረው፤ የታንኩ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የጀርመን ምልክት የሆነውን መስቀል ሳይሸፍኑ ዙሪያውን እንደሚቀቡም ጨመረና ከመስቀሉ ዙሪያ የመነሻው ቀለም ካሬ ሆኖ እንዲቀር መከረ።

ምላሽ 26 ሌሎች ዘመቻዎችን ዘረዘረ። በ1939–40 የፊንላንድ ጦርነት ነጭ ለባሾቹ ፊንላንዶች ሲሆኑ ሶቪየቶቹ በብዛት በካኪ ካፖርትና በቡዲዮኖቭካ በረዶ ላይ ጎልተው ይታዩ ነበር፤ ከፊንላንድ ተጠባባቂዎች ብዙዎቹ የራሳቸውን የሲቪል ልብስ ለብሰው ከመንግሥት ያገኙት ቀበቶና የኮፍያ ምልክት ነበር። በዲሴምበር 1944 በቤልጂየም አርደን አካባቢ፣ ባስቶኝ አጠገብ ያለችው የኤምሩል መንደር ነዋሪዎች አንሶላዎቻቸውን ለአሜሪካ ወታደሮች ሰጥተዋል፤ ስለዚህ የአርደን ምስል ነጩ ልብስ ስፌት የለውም፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ከሥሩ ኦሊቭ ድራብ ይታያል። በ1812 ከሞስኮ ለሚያፈገፍግ የናፖሊዮን ወታደር ደግሞ ነጭ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ካፖርቱ ከቤዥ እስከ ቡናማ ግራጫ፣ ቀሪው ያገኘው ጨርቅ ነው።

ምላሽ 27 በኮሪያ ጦርነት የተሰለፈውን የቃኘው ሻለቃን አነሳ። ኢትዮጵያውያኑን በቾሲን በረዶ ላይ፣ ገልበጥ የሚደረገውን ነጭና ሰናፍጭማ የጥጥ ልብስ ከለበሱት ቻይናውያን ፊት ለፊት ማሰለፍ አሰበ። ምላሽ 28 በትሕትና አቀናው። የቾሲን ውጊያ የተካሄደው በኖቬምበርና ዲሴምበር 1950 ነው፤ የመጀመሪያው ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በሜይ 1951 ነው። ስህተቱ የሚመጣው ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ስለተመደበ፣ የዚያው ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ደግሞ ቾሲን ስለነበረ ነው። ለ1951–52 በረዶ ግን ሐሳቡ ይሠራል። ልብሱ የአሜሪካ ስለሆነ የአሜሪካ ምስል መነሻ ይሆናል፤ ብራውን ቫዮሌት 70.887፣ ማድመቂያው በፍ 70.976 እየተጨመረበት። የክፍለ ጦሩ ምልክት ቀይ ክብ ውስጥ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፤ በ28 ሚሊሜትር ቀይ ነጥብ ይደረግና ጫፍ ለጫፍ የሚነካኩ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ይገቡበታል። የጥቁር ሰው ፊት ቆዳ እዚህ ጥላውን ከሰማያዊ ሳይሆን ከቀይ ቡናማ ማግኘት አለበት፤ አለበለዚያ ፊቱ አመድ ይመስላል።

ይህ የፊት ነገር ምላሽ 29ን ወለደ። ብርድ የመታው የነጭ ሰው ፊት በቀይና ሐምራዊ ግሌዝ (ከሥሩ ያለውን በሚያሳይ ሥስ ቀለም) ይሠራል፤ አንድ እጅ ቀለም ከስድስት እጅ ግሌዝ ሚዲየም፣ አፍንጫ ጫፍ፣ ጉንጭ አናትና ጆሮ ጠርዝ ላይ ብቻ። ሁለት ዙር ይበቃል፤ ሦስተኛው የሰከረ ያስመስለዋል። ጢም ላይ አመዳይ ከተፈለገ በደረቅ ብሩሽ ሳይሆን በነጭ ነጠብጣብ፣ ከአፍ በታች ብቻ፤ ትንፋሽ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ምላሽ 30 የቫርኒሽን ቅደም ተከተል አስቀመጠ፦ ደብዛዛው ቫርኒሽ መጀመሪያ፣ በረዶው ቀጥሎ። የተገለበጠ ከሆነ ቫርኒሹ የበረዶውን ብልጭታ ይገድለዋል። እርጥበት በበዛበት ቀን የተረጨ ደብዛዛ ቫርኒሽ ጥቁር ነገር ላይ ነጭ ጉም ያወርዳል፤ ይህ ከሆነ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በብሩሽ ተቀብቶ ሲደርቅ፣ በደረቅ ቀን እንደገና ደብዛዛው ይረጫል።

ጠያቂው በምላሽ 31 ውሳኔውን አሳወቀ፦ ጀርመኖቹ ወደ ካርኮቭ ይሄዳሉ፣ ሶቪየቶቹ በምላሽ 13 ድልድል ይቀባሉ። የቀረችው አንዲት ጥያቄ፣ ምስሎቹ ክንድ ላይ የተቀረጸው ጥብጣብ ምንድን ነው የምትል ናት። መልሱን የሰጠው ያው የምላሽ 7 ሰው ነው፣ በምላሽ 32። ወገንን ከጠላት ለመለየት እጅጌው ላይ በቁልፍ የሚያያዝ ባለቀለም ጨርቅ ነው፤ ቀለሙ በትእዛዝ ይቀያየር ስለነበር በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ቀይ ከተመረጠ በነጩ ላይ በቀጥታ አይቀባ፤ ቀይ ቀለም ሥስ ስለሆነ ሐምራዊ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያ ጥብጣቡ ብቻ በቀይ ቡናማ አንድ ዙር ይሸፈን፣ ከዚያ ቀይ ሁለት ዙር። ብሩሹ ከሳተ ደግሞ ነጩ በነጭ አይታረምም፤ የሚታረመው በመነሻው ድብልቅ ነው፣ ስለዚህ ከድብልቁ ትንሽ በተዘጋ ጠርሙስ ይቀመጥ።